አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

ኦክቶበር 1፣ ማክሰኞ

አስረከብኩ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሰባት ወር ሙሉ አበሳዬን ያሳየኝ የወደቡ አዳራሽ ከእንግዲህ የእኔ ራስ ምታት አይደለም።

ማይኩ፣ ካሜራው፣ ድምፅ ማጉያው፣ የሰገነቱ ስክሪን፣ ሁሉም አሁን በአንድ ኔትወርክ ይነጋገራሉ። ድሮ ከመድረኩ እስከ ሚክሰሩ ክንድ የሚያህል የገመድ እስር ነበር የሚጎተተው፤ አሁን ሁለት ቀጫጭን ገመድና ስዊች የሚባሉ አሥራ አንድ መረጃ አከፋፋይ ሳጥኖች ብቻ ናቸው። ምን በየት እንደሚያልፍ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ አንዱ ሲበጠስ በየት እንደሚዞር፣ ሁሉንም ያቀድኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ዱርሳፍ። እዚህ የሚያየኝ ሰው የለምና እስቲ ልኩራ።

የመጨረሻውን ሥልጠና የሰጠሁት ጠዋት ነው። ከሠራተኞቹ ሁሉ ደስ የሚሉኝ፣ ሁላችንም እንደ አጎት «ዐም» የምንላቸው ዐም ጠይብ ናቸው፤ የአዳራሹ የድምፅ ኃላፊ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ። መጀመሪያ «ድምፅን በኮምፒውተር ገመድ? ወላሂ፣ ነገ ደግሞ ኩስኩሱን በስልክ ትልኩልናላችሁ!» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር። ኋላ ግን መነጽራቸውን ሰክተው ከፊት ወንበር ተቀመጡና የእያንዳንዱን ሳጥን ቁጥር በእጃቸው ገለበጡ። ዛሬ እንዲህ አልኳቸው፦ ከስዊቾቹ መካከል አንዱ ጠያቂ ነው። በየሁለት ደቂቃው «ይህን ድምፅ አሁንም የምትሰሙ እነማን ናችሁ?» ይላል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ «እኛ» ይላሉ። ከሁለት ዙር በላይ መልስ ያልተሰማበትን መስመር ስዊቾቹ ሰሚ የለውም ብለው ይዘጉታል። ዐም ጠይብ ጻፉ ጻፉና ቀና ብለው፣

«ጠያቂው ቢሞትስ፣ ልጄ?»

«አይሞትም፣ ዐም ጠይብ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የርክክቡ ቅጽ ሃያ መስመር አለው። ዘጠነኛው «ከአዳራሹ ዕቃ በቀር ሌላ ምንም ሳይሰካ ለሃያ አራት ሰዓት ተሞክሯል» ይላል። ዳይሬክተሩ ሲ ሩሽዲ እስክሪብቶ እያቀበለኝ፣ ኬኩ እየተቆረሰ፣ ሃያውንም በአንድ ትንፋሽ ፈረምኩ። በእኛ ሥራ እንዲህ ያልፈረመ የለም፤ መጀመሪያ ፊርማ ነው፣ ሙከራው ሲመቸን። ከዚያ ሥራው ከተጀመረ ጀምሮ እዚያው ተሰክታ የከረመችውን ትንሿን የመሞከሪያ ስዊቼን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ መርከብ መጥቶ ድልድዩ ሳይነሳ ልሻገር ብዬ ሮጥኩ።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ወይ ጣጣ። ትናንት የተማሪዎች መዘምራን ሲዘፍኑ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ሲ ሩሽዲ ስልክ ላይ ጮኸብኝ።

ዛሬ ሄድኩ። ያቺን የመሞከሪያ ሳጥኔን ሰካሁ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ሁሉም አረንጓዴ፤ «ጠያቂ፦ አለ» ይላል፣ ሁሉም አለ።

ዐም ጠይብ የሚሠሩትንም አየሁ። መስመሮቹን የሚከፍቱት ታዳሚው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የድሮ ልማድ ነው፤ አሮጌው ገመድ ባዶውን ሲከፈት እንዝዝ ይል ነበር። ከዚያ በፊት «አሎ፣ አሎ፣ ዋሐድ፣ ዙዝ» ብለው እስከ ሁለት እየቆጠሩ አንድ ደቂቃ ይሞክሩና መልሰው ይዘጋሉ። ይህ ራሱ ምንም አይጎዳም። ግን ሲከፍቱ ሌላ ነገር ነክተው ይሆናል። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

እንደገና። በልምምድ ላይ፣ እኔ በሌለሁበት። ሄድኩ፣ ሰካሁ፣ ጠበቅኩ፣ ጤነኛ።

«እንደ ጥርስ ሕመም ነው» አሉ ዐም ጠይብ። «ሐኪሙ በር ላይ ስትደርሺ ይለቅሻል።»

ሳቅን። የሳቁት ግን ከአንገት በላይ ነው።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

የከተማችን የቢዘርት በዓል። የፈረንሳይ ጦር የወጣበት ቀን። እኔም ተጋብዤ ከባለቤቴ ከለስዓድ ጋር ሄድኩ፤ ቀሚስ ለብሼ፣ መዳፍ የምታህል ቦርሳ ይዤ። ባለሥልጣናቱ ፊት ረድፍ፣ የሰማዕታት ቤተሰቦች ከኋላቸው።

የሰማዕታቱ ስም መነበብ ጀመረ። አንባቢው ቀስ እያለ፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ዝም እያለ ያነብባል። ስንተኛው ስም ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ ጠፋ። የሰውየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ አዳራሹ ጭጭ። ዘወር ብዬ ወደ ድምፅ ክፍሉ ባይ ዐም ጠይብ ሚክሰሩ ላይ ተደፍተዋል። ተመለሰ። ሠላሳ ስም፣ አርባ ስም፣ ደግሞ ጠፋ።

ከፊቴ አንዲት አሮጊት ተነሥተው ቆሙ። «የወንድሜን ስም አላለፋችሁትም?» አሉ። «ልጄ፣ የወንድሜን ስም ብላችኋል ወይስ አላላችሁም?» በኋላ አንዱ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አንድ ሰው ለጓደኛው «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ አያዩትም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ለስዓድ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ። የሴትየዋ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

ሲ ሩሽዲ ጠራን፤ እኔን አስቀድሞ፣ ዐም ጠይብን አስከትሎ።

«ማዳም ዱርሳፍ፣ እርስዎ ሲኖሩ ይሠራል፤ እሱ ብቻውን ሲሆን ይቆረጣል። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል?»

«ገና እየመረመርኩ ነው» አልኩ።

እሳቸው ናቸው አላልኩም። አይደሉምም አላልኩም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ «ምን አለ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም፣ ዐም ጠይብ፤ ይስተካከላል።» ምን ልበላቸው? በዚህ ዕድሜያቸው ኔትወርክ መማር ቀላል አይደለም፤ ቢሳሳቱም አይፈረድባቸውም። ይህንን ነው ለሲ ሩሽዲ ማለት የነበረብኝ። ወይም እንኳን አላልኩት።

ኦክቶበር 21፣ ሰኞ

ዐም ጠይብ ቢሮዬ መጡ። ቢሮዬ መጥተው አያውቁም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ደብተራቸውን ገለጡ።

«ቆጠርኩት» አሉ። «ብቻዬን፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ። መስመሩን ከፈትኩ፣ ሬዲዮ ለቀቅኩበት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቁጭ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ላይ ቆመ። ደግሜ ከፈትኩ። አራት ደቂቃ ከሃያ። ስድስት ጊዜ፣ ልጄ! እጅ በሰዓት ይሳሳታል እንዴ? የእኔ ጥፋት ቢሆን አንዴ በሦስት፣ አንዴ በአሥር ይሆን ነበር።»

ደብተሩን አዞሩልኝ። ስድስት መስመር፣ በሚያምር ጽሕፈት።

«አየዋለሁ» አልኩ።

«አንቺ ታገኚዋለሽ፤ አውቃለሁ» ብለው ሄዱ።

ሁለት መቶ ስድሳ ሰከንድ። ይህን ቁጥር የማያውቅ የኔትወርክ ሰው የለም።

ራሴን አሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ብዙ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር አለ። ሊፍቱ አለ። የሚክሰሩ ሶፍትዌር የታወቀ ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ለአምራቾቹ ልጽፍላቸው ይገባል። ደግሞም የእጅ ሰዓት ነው፤ ያውም አሮጌ።

የሥራ ቦርሳዬን ከመኪናው አላወረድኩትም። ለስዓድ «ሳጥንሽን ረሳሽ» ሲለኝ «ይደር» አልኩት።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

በሱስ ከተማ ካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ስድስት ከተሞች አዳራሾቻቸውን ሊያድሱ ነው፤ «የቢዘርቱን ዕቅድ» ለመሐንዲሶቻቸው እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ። የቢዘርቱ ዕቅድ! ስም ወጣለት።

ከአሥር ዓመት በፊት ያው መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ሄጄ «እህቴ፣ ለጸሐፊነት ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ነበር ያሉኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለስዓድ ትልቅ ዓሣ ገዝቶ መጣ፤ አንድ ጉርሻ በልቼ ተውኩት።

ኦክቶበር 28፣ ሰኞ

ስለ ዐም ጠይብ የሚወስነው ኮሚቴ ዛሬ ተሰበሰበ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ዐም ጠይብ ውጭ ወንበር ላይ፣ በሸሚዝና በክራባት። ለእኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«በኔትወርኩ ዕቅድ ላይ ጉድለት አለ?»

«በዕቅዱ ላይ ጉድለት የለም።»

ውሸት አይደለም። ገጽ አሥራ አራት ላይ ጠያቂው የትኛው ስዊች እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ ሁሉም በግልጽ ተጽፏል። ተጽፏል። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ ሌላ ነገር እመልስ ነበር።

ዐም ጠይብን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዘዋወሯቸው፤ የሐኪሞች ቦርድ አይቷቸው እስኪወሰን። ቦርዱ «አይችልም» ካለ በሕመም ምክንያት ተሰናበቱ ማለት ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው በዚህች ቃል ያልቃል። የድምፅ ክፍሉን ቁልፍ ሲያስረክቡ ቆሜ ነበር። ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ምናልባት እውነት እኔ ልሆን እችላለሁ» አሉኝ። «ሰው የራሱን መርሳት እንዴት ያውቃል? ከረሳ ረሳ ነው።»

«እንዲህ አይበሉ» አልኩ። ከዚያ በላይ ማለት ነበረብኝ።

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ

የይለፍ ቃል መቀየር አለብኝ ብዬ አዳራሹ ገባሁ። በዐም ጠይብ ቦታ የተተካው አዲሱ ሠራተኛ የበላይ መሥሪያ ቤቱ የላከው ልጅ ነው፤ ሻይ አመጣልኝ። ሦስተኛውን ስዊች በላፕቶፔ ከፈትኩ። አንድ መስመር። ጠያቂውን ከ«ዝግ» ወደ «ክፍት»። ሻዩ አልቀዘቀዘም።

ከዚያ ሳጥኔን ሳልሰካ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ሳይቆረጥ አወራ።

እንግዲህ አዳራሹ ዳነ። ከአሁን በኋላ አይቆረጥም። አለመቆረጡን ሲያዩ ዐም ጠይብን ይመልሷቸዋል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ማንም ሳይዋረድ። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ መውጫ የለም።

እንዲያ ነው ያሰብኩት።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ሲ ሩሽዲ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ሦስት ዝግጅት፣ ማዳም ዱርሳፍ! ሦስት! ሽማግሌው ከወጣ ወዲህ አንዴም አልተቆረጠም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ለሐኪሞቹ ጽፌላቸዋለሁ።»

ጉዴ ፈላ። እኔ ነኝ ያስፈረድኩባቸው። ያስተካከልኩበት ቀን ከወጡበት ቀን ጋር ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚለያየው፤ ማን አየኝ? ብተወው ኖሮ አዲሱ ልጅም በአራት ደቂቃ ከሃያው ይቆረጥበት ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩ የሽማግሌው እንዳልሆነ ያይ ነበር። በጎ የሠራሁ መስሎኝ መውጫቸውን ዘጋሁባቸው።

መልሼ ልዝጋው ይሆን? ይህንንም አሰብኩ። አላህ ሆይ፣ ይህንን ያሰብኩት እኔ ነኝ?

ኖቬምበር 6

አልዘጋሁትም። ምንም አላደረግኩም። ምንም አለማድረግ ላይ ጎበዝ ሆኛለሁ።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ዓሣ ገበያ። ኻልቲ ዘክያን አገኘኋቸው፤ አክስቴ የምላቸው የዐም ጠይብ ባለቤት ናቸው። ሰርዲን እያስመዘኑ።

«እንዴት ናቸው?» አልኩ፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«ምን እንዴት አለው! መኪናውን ከልክዬዋለሁ። ጋዙን እሱ ከዘጋው በኋላ እኔ ሄጄ እንደገና አያለሁ። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ አሁን ራሱ "ዘክያ፣ ዘግቼዋለሁ?" እያለ ይጠራኛል። ቆሞ እጁን ያያል፣ ልጄ። ዝም ብሎ እጁን ያያል።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ግን ስላስተማርሽው አላህ ይስጥሽ። ስምሽን ሳያነሳ አይውልም።»

ሰርዲኑን ሳልገዛ ተመለስኩ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ፤ ማልቀሴ ራሱ አበሸቀኝ። ማን ነው የተበደለው?

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ለስዓድ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ዛሬ ከሰዓት ለደንበኛው ስልክ ደውሎ «ቱቦውን ገልብጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ነገ አምጣው» ሲል ሰማሁት። እንዲሁ፣ እንደዋዛ። ስልኩን ዘግቶ ሰላጣውን መቁረጥ ቀጠለ።

«አያሳፍርህም?» አልኩት።

«ያሳፍረኛል። ሰውየው ግን ነገ ባሕር ይገባል» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሽማግሌውስ?» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ሱስ መሄድ የለብሽም እንኳ አላለኝም።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ሱስ ሄድኩ። አቀረብኩ። ሃምሳ መሐንዲስ። ከኋላ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ፣

«በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ምንድን ነው?» አለች።

መለስኩላት! ምላሴ ሳይደናቀፍ! «ጠያቂውን መክፈት ነው» አልኩ። «የመሞከሪያ ሳጥናችሁ ራሱ ጠያቂ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ተሰክቶ ሳለ ስክሪኑ "አለ" ይላችኋል። ሳጥናችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ጠያቂውንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ በኋላ ስዊቾቹ ሰሚ የለም ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ ሳጥናችሁን ሳትነቅሉ አትፈርሙ።» ልጅቷ ጻፈች። ጭብጨባ።

ለሃምሳ የማላውቃቸው ሰዎች በሁለት ደቂቃ ተናገርኩት።

ስመለስ ድልድዩ ተነሥቶ ነበር። የመርከቡን ማለፍ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ቦርሳዬን ከፍቼ ያቺን ሳጥን አየኋት። መዳፍ ተኩል ታህላለች። ሌላ ምን ልጽፍ።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

ቤታቸው ከአሮጌው ወደብ ጀርባ ነው። ዐም ጠይብ ፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው ነበር። ኻልቲ ዘክያ ሻይ አስቀምጠውልን ወጥ ቤት ገቡ። ዐም ጠይብ ሳልጠይቃቸው የሐኪሙን ነገር አወሩኝ።

«መርሳትን ለመፈተሽ ነው ብሎ ሐኪሙ የሰዓት ሥዕል እንድስል አዘዘኝ። ክብ ሳልኩ፣ ቁጥሮቹን ሞላሁ። አሥራ አንዱ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተጣበቀብኝ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ሐኪሙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። ማክሰኞ ደግሞ ቀጠሮ አለኝ።»

«ዐም ጠይብ» አልኩ፣ «እርስዎ አይደሉም።»

ሻዩን አስቀመጡ።

«ጠያቂውን አልከፈትኩትም ነበር። ሥራው ሲሠራ የጠየቀው የእኔ ሳጥን ነው። የርክክቡ ቀን ነቅዬ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ስመጣ ሳጥኑን እሰካለሁ፣ ይሠራል፤ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ። ሁሉም የእኔ ነው። እርስዎ አንድም ነገር አልተሳሳቱም። አንድም።»

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ የምንጣፉን አበባ ነበር የማየው።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት።

«በበዓሉም ቀን? ስሞቹ ሲነበቡ?»

«በበዓሉም ቀን።»

«ዘክያ!» ብለው ጮኹ። «ዘክያ፣ ነይ! እጅሽን ኋላ ትጠርጊያለሽ፣ ነይ!» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ለእሷ ንገሪያት። ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሥልጠናው ጊዜ። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ነገርኳቸው። ኻልቲ ዘክያ ቆመው ሰሙኝ፤ እጃቸው እየተንጠባጠበ። ሌላው ሁሉ ግድ ያልሰጣቸው ይመስላል፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

ባለፈው ሳምንት ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበር።

«ከኦክቶበር ሃያ አንድ።»

«ሃያ አንድ ሰኞ ነው» አሉ ዐም ጠይብ፤ ቀስ ብለው። «እኔ ቢሮሽ የመጣሁ ቀን።»

«አዎ።»

«አርባ ቀን!» አሉ ኻልቲ ዘክያ። «አርባ ቀን ለሞተ ሰው ነው የሚቆጠረው! ይህ ሰው በሕይወት እያለ ጋዙን መዝጋቱን እኔን ሲጠይቀኝ አርባ ቀን ዝም አልሽ? ቤቴ ገብተሽ ሻዬን ትጠጫለሽ?»

አልጠጣሁትም ነበር። ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ባዶ ሆኖ ተሰማኝ። ዐም ጠይብ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ኮሚቴው "ምናልባት ዕቅዱ ይሆን?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «"ያቺ ልጅ አትሳሳትም" ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ እስከ በሩ ሸኙኝ። በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ ሸኙኝ።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ ሦስት ገጽ አድርጌ ጽፌ ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ፤ ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት። አንዱን ግልባጭ ለሐኪሞቹ ቦርድ፣ አንዱን ለስድስቱ ከተሞች። መጀመሪያ መዝገብ ቤት የሄድኩት አውቄ ነው፤ ቀድሜ ሲ ሩሽዲ ጋ ብገባ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር።

«ማዳም ዱርሳፍ፣ ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ ሲ ሩሽዲ በኋላ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አዳራሹ እየሠራ ነው። ሰውየውም ዓመት ከምናምን ነው የቀረው፤ በክብር እንሸኘው ነበር።»

«በክብር ሳይሆን በሕመም ነው ልትሸኟቸው የነበረው» አልኩ።

«ስምዎንስ አያስቡም?»

«ደብዳቤው ላይ አለ» አልኩት።

ከሱስ ደወሉ። ጉዳዩን «ለጊዜው እናቆየው» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለወደቡም አዳራሽ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። አመመኝ፤ በጣም አመመኝ። ቢሆንም ሌሊቱን ተኛሁ።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

ዐም ጠይብ ሐሙስ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ትናንት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቁጥብ ነበር።

«ነገ በአሥር ሰዓት የማሉፍ ዜማ ኮንሰርት አለ። ምንም ዕቃ ሳትይዢ ነይ። መጨረሻ ረድፍ ተቀመጪ።»

ሄድኩ፤ ባዶ እጄን። አዳራሹ ሞልቷል። ሰዉ ሁሉ ሲቀመጥ ዐም ጠይብ መስመሮቹን ከፈቱ። ዑዱ ጀመረ፣ ቫዮሊኖቹ ተከተሉ። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰከንዱን አየሁ። አራት ደቂቃ። አራት ደቂቃ ከአሥር። አራት ከሃያ። ቀጠለ። አምስት። አሥር። መቁጠሩን ማቆም አቃተኝ፤ ጠያቂውን ራሴ ከፍቼው ሳለ ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ። ሰዉ አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ዐይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች። ዘወር ብዬ ወደ ድምፅ ክፍሉ አየሁ። ዐም ጠይብ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ወደ መድረኩ ቀና አላሉም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ወደ ድምፅ ክፍሉ እያዩ አጨበጨቡ። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠብቄ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«መጨረሻ ላይ የተጫወቱት ምን ነበር?» አሉኝ።

ላስታውስ ሞከርኩ። «አላውቅም፣ ዐም ጠይብ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። የእጅ ሰዓታቸው ተፈትቶ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሰዓቱን ነበር የማየው። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሳልሰማው ያለፈ ኮንሰርት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

መስመሮቹን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ፤ እያንዳንዱን ዘግተው ጣታቸውን ሳያነሡ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዚያ እንደገና ያዩታል። እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ።